የድንኳኑ ጉድጓዶች

ሱቄ ከጋሽ አስረስ በር ፊት ለፊት ነው። ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ስትወርዱ፣ ኮብልስቶኑ ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ላይ "የሐሚዳ ሱቅ" ብትሉ ማንም ያሳያችኋል። ባለ ሱቅ ወሬ ይወዳል እያሉ ያሙናል። እኔ ወሬ ፈልጌ ሄጄ አላውቅም፤ ወሬው ራሱ ዘይትና ሳሙና ሊገዛ ይመጣል። ይሄን የምነግራችሁን ግን ማንም አላወራኝም። ገሚሱን ከባንኮኒዬ ሳልነሳ፣ ገሚሱን ተነስቼ ሄጄ በዓይኔ ያየሁት ነው።

በመንደራችን ሰፊ ግቢ ያለው የጋሽ አስረስ ቤት ብቻ ነው። ሌሎቻችን ሁለት ዘመድ ከመጣብን ሦስተኛውን በር ላይ የምናቆም ነን። የእሳቸው ግቢ ከበረንዳው እስከ በሩ ድረስ ሰርዶ የበቀለበት ሜዳ ነበረው። ስለዚህ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ የዕድራችን ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነበር። ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ በሩ ይከፈታል፣ ሸራው ይገባል። የትልቋ ልጄ ኒካህ እንኳ እዚያው ነው የተደረገው። የጋሽ አስረስ ባለቤት እትዬ ትሩፋት የእኛ ሥጋ ከእነሱ ዕቃ እንዳይነካካ ብለው ማዕድ ቤቱን እንዳለ ለቀቁልን፤ እሳቸው በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጥለው ለባላቸው ሽሮ ሲሠሩ ሰነበቱ። ይሄን አልረሳም።

ድንኳኑን ደግሞ እንደ ሌላው ሰፈር በየጊዜው እየቆፈሩ መትከል አልነበረም። ጋሽ ነጋ መላ አበጅተውለታል። ጋሽ ነጋ ከጋሽ አስረስ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ጎረቤት ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ወፍራም የብረት ቱቦ ክንድ ክንድ እያደረጉ ቆረጡና፣ ሁለቱ ሆነው በሜዳው ዙሪያ ስምንት ቦታ ቀበሩት። ከዚያ በኋላ ምሰሶውን ቱቦው ውስጥ መክተት ብቻ ነው፤ ሻይ እስኪፈላ ድንኳኑ ይቆማል። በአዘቦት ቀን የሰው እግር እንዳይገባበት ጉድጓዶቹ በቀለም ቆርቆሮ ክዳን ይከደናሉ። ክረምት ሊገባ ሲል ጋሽ ነጋ ተንበርክከው ውስጣቸው የገባውን አፈር በማንኪያ ይዝቃሉ። ጋሽ አስረስ ወንበር ይዘው ከአጠገባቸው ይቀመጡና "እዚያ ጋ ቀርቶሃል" እያሉ ሥራ ያሳያሉ። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሰው ስለነበሩ ማሳየት ይችሉበታል።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በረንዳው ላይ ዳማ ይጫወታሉ። ጋሽ ነጋ ያንን በር አንኳኩተው አያውቁም። "አለህ?" እያሉ ይገባሉ፤ መልስ አይጠብቁም።

ነገሩ የተነሳው በሄርሜላ ሽምግልና ቀን ነው። ሄርሜላ የጋሽ አስረስ አንድዬ ልጅ ናት፤ ባንክ ነው የምትሠራው፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ትኖራለች። የሚያገባት ልጅ ሽማግሌዎች በመጡበት ዕለት ያልታሰበ ዝናብ ጣለና ሜዳው ጨቀየ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ነጭ በነጭ የለበሱት ትልቅ ሰውዬ፣ አዳልጧቸው በጉልበታቸው ወደቁ። ምንም አልሆኑም፣ እንዲያውም ስቀው ተነሱ። ልጅቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሜዳ ጠመደችው።

"አባዬ፣ ሼም ነው እኮ። መልሱም እዚህ ጭቃ ላይ ሊሆን ነው?" አለች። እኔ ለስላሳ ላደርስ ገብቼ ነበር፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ከዚያ በስልኳ የአንድ ቪላ ግቢ ፎቶ አሳየቻቸው። አረንጓዴ ነው፣ እኩል የተከረከመ፣ አንድ የደረቀ ቅጠል አይታይበትም። ጋሽ አስረስ ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

የፕላስቲክ ሳር የሚያነጥፉ ሰዎች በአይሱዙ መጡ። ሰርዶውን ከነሥሩ ላጩት፣ ጠጠር ደፉ፣ አሸዋ ደፉ፣ ከዚያ መሬት በሚደበድብ መኪና ሲጠቀጥቁ የእኔ መደርደሪያ ላይ ያለው ጠርሙስ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። መሬቱን ሲያስተካክሉ ቱቦዎቹ ላይ ደረሱ። "አባባ፣ እነዚህ የውሃ ናቸው?" አለ አለቃቸው።

ጋሽ አስረስ ልጃቸውን አዩ። ሄርሜላ፣ "አሁን ማን ግቢ ውስጥ ድንኳን ይተክላል አባዬ? አዳራሽ አለ እኮ" አለች። እውነቷን ነው፣ አዳራሽ ሞልቷል። ጋሽ አስረስ "ድፈኑት" አሉ። ሲሚንቶ በጥብጠው ስምንቱንም እስከ አፋቸው ሞሏቸው። በላዩ ላይ የሳሩን ጥቅልል ዘረጉት፣ በማጣበቂያ አጣበቁት፣ ዙሪያውን በሚስማር መቱት። በአንድ ቀን አለቀ።

የቀለም ቆርቆሮዎቹን ክዳኖች ከፍርስራሹ ጋር አውጥተው ከበሩ ውጭ ጥለዋቸው ነበር። ጋሽ ነጋ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ አዩአቸው። ቆሙ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሱ፣ በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ ደራርበው በብብታቸው ያዙ።

"ምን ሊያደርጉልዎት ነው ጋሽ ነጋ?" አልኳቸው።

"ክዳን እኮ ነው፣ አይጣልም" አሉኝና ወደ ቤታቸው ገቡ።

መልሱ አማረ። ይሄን ካልመሰከርኩ ኃጢአት ነው። የዲኮር ሰዎች ጥላና ነጭ ወንበር ደረደሩ፣ የማንም ጫማ ጭቃ አልነካም፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ ሆቴል ነው የመሰለው። እትዬ ገበያነሽ፣ የጋሽ ነጋ ባለቤት፣ በሕመማቸው ላይ ሆነው መጥተው እልል አሉ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ሆዳቸው ውስጥ ከገባ ከርሟል።

ከሠርጉ በኋላ ግን ጋሽ አስረስን ያ ሳር ያዛቸው። ሌላ ምን ልበለው? ጠዋት ተነስተው በለስላሳ መጥረጊያ አቅጣጫውን ያበጥሩታል፤ በጎማ ውሃ ያጥቡታል። ሳር አጥቦ የሚያሰጣ ሰው ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው። በሩ ሥር ነጠላ ጫማ ደረደሩ፤ የገባ ሁሉ ጫማውን ለውጦ ነው የሚያልፈው። አልፈርድባቸውም። ዕድሜ ልካቸውን በደመወዝ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አላፊ አግዳሚው አንገቱን አስግጎ የሚያየው ነገር ኖሯቸው አያውቅም። ጋሽ ነጋም አልተቀየሙም። ጫማቸውን አውልቀው በካልሲያቸው እስከ በረንዳው ይሄዱ ነበር፤ "አለህ?" ማለቱም አልቀረም።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ፀሐይ ወጣች። እትዬ ገበያነሽ ሁልጊዜ ከእትዬ ትሩፋት ጋር ሰርዶው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ፀሐይ መሞቅ ይወዱ ስለነበር ደግፈው አመጧቸው። እኔም ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ተቀመጡና ሳሩን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

"ትሩፋት፣ ይሄ ይኮሰኩሳል። ደግሞ ይጋላል" አሉ። ምንጣፉን ወደ በረንዳው ጠርዝ፣ ሲሚንቶው ላይ ሳብንላቸው። አካባቢውን ቃኙና ወደ ጋሽ አስረስ ዞሩ። "አንተ፣ ጉድጓዶቻችን የት ሄዱ? እኔን በየት ልትሸኙኝ ነው?" አሉ እየሳቁ።

"ተይ፣ ክፉ አታውሪ" አሉ እትዬ ትሩፋት።

ጋሽ አስረስ መጥረጊያቸውን እንደያዙ፣ "ሥሩ አሉ። ሲያስፈልግ ይከፈታሉ፤ አንቺ ብቻ ዳኚልን" አሉ።

"እንግዲህ ቃል ነው" አሉ እትዬ ገበያነሽ።

"ቃል ነው።"

እኔ ጋሽ አስረስን አየኋቸው። ሲሚንቶው ሲሞላ ሁለታችንም ቆመን ነበር። እሳቸው መጥረጊያውን አዩ።

እትዬ ገበያነሽ በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ አረፉ። ጎህ ሲቀድ የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ሱቄን ሳልከፍት ወደ ጋሽ ነጋ ቤት ገባሁ። ቤቷ ትንሽ ናት፤ አልጋውን አውጥተን እንኳ ሴቱ አልበቃ ብሎ ገሚሱ ኩሽና ውስጥ ያለቅስ ነበር። እትዬ ትሩፋት ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ሐሚዳ፣ እኛ ቤት ሂጂና ትልቁን ድስት አምጪ፣ ለንፍሮው" አሉኝ።

ከጋሽ አስረስ በር ስደርስ ኢሉ ምሰሶና ሸራውን በጋሪ ጭኖ ቆሟል። ኢሉ የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነው፤ ድንኳን መትከል ከሱ በላይ የሚችል የለም። ጋሽ አስረስ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ መሐል ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። ለቅሷቸው የውሸት አልነበረም፣ ይሄንንም አይቻለሁ።

"ጋሼ፣ በሩን ወለል አድርጉልን፣ ሸራው ሊገባ ነው" አለ ኢሉ።

"ጉድጓዱ እኮ ተደፍኗል ኢሉ።"

"ግድ የለም፣ በካስማ እንወጥረዋለን። ድጅኖም ይዘናል።"

ጋሽ አስረስ ዞር ብለው ሳሩን አዩት። ዝናቡ አጥቦት ያብረቀርቅ ነበር። "ካስማው ይቀደዋል" አሉ ቀስ ብለው። "እሳትም ይነዳል፤ ይሄ ነገር ብልጭታ ካረፈበት ይቀልጣል። መንገዱ ላይ ቢሆን አይሻልም? ለሰውም ይሰፋል።"

በእኛ ሰፈር እንቢ አይባልም። "አይሻልም?" ነው የሚባለው፤ ሁሉም ሰው ይገባዋል። በለቅሶ ቀን ደግሞ ማንም አይከራከርም። ኢሉ እኔን አየኝ፣ እኔ መሬቱን አየሁ። "እንዳሉ ጋሼ" አለና ጋሪውን አዞረው። እኔ ጫማዬን አውልቄ ገብቼ ድስቱን ይዤ ወጣሁ።

ኮብልስቶን ላይ ካስማ አይገባም። ስለዚህ ገመዱን አንዱን ከመብራት እንጨት፣ አንዱን ከሱቄ ፍርግርግ፣ አንዱን ደግሞ ከጋሽ አስረስ የበር ማጠፊያ ጋር አሰሩት። በሩ እንደልቡ መከፈት አልቻለም። ጋሽ አስረስ ለቅሶው እስኪያልቅ በጎናቸው እየሾለኩ ሲገቡና ሲወጡ ነበር።

እትዬ ትሩፋት ከቤት ወጥተው ድንኳኑን መንገድ ላይ ሲያዩት ቆሙ። "ማነው እዚህ የተከለው?" አሉ።

"ለሰው ይሰፋል ብለን ነው እትዬ" አለ ኢሉ። ሸፈነላቸው።

እትዬ ትሩፋት በገመድ የታሰረውን በራቸውን አዩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተመለሱ፤ እስከ ሠልስቱ ድረስ ያደሩት ጋሽ ነጋ ቤት ነው።

በማግስቱ ዝናቡ ከባድ ሆነ። መንገዳችን ቁልቁለት ነው፤ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የሚወርደው ውሃ ሁሉ በድንኳኑ ሥር አለፈ። ለቅሶ ደራሽ እግሩን ወንበር ላይ ሰቀለ፣ ለፍትሐት የመጡት ቄስ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ያዙ። ከሩቅ የመጣ ሰው ሁሉ፣ የድሮውን የሚያውቅ፣ መጀመሪያ ወደ ጋሽ አስረስ በር አይቶ ነው ወደ ድንኳኑ የሚገባው። ጋሽ አስረስ እያንዳንዱ ሰው ወደ በራቸው ሲያይ አዩት።

እሳቸው ከጋሽ ነጋ ጎን ተቀምጠው እግራቸውን ከውሃው አላነሱም። ሆን ብለው ነው። እግራቸው ከነጫማው እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃው ውስጥ ገብቷል። ጋሽ ነጋ ሚስታቸውን ቀብረው የመጡ ሰው፣ ጎንበስ ብለው፣ "እግርህን አንሳ አስረስ። ጉንፋን ይይዝሃል" አሏቸው። እምቢ ሲሉ ወደ እኔ ዞረው የለስላሳ ሳጥን አስመጡ፤ በገዛ እጃቸው የጋሽ አስረስን እግር አንስተው ሳጥኑ ላይ አስቀመጡት። ጋሽ አስረስ ያን ጊዜ እየጮሁ አለቀሱ። ሰው ለእትዬ ገበያነሽ መሰለው።

ለቅሶው ካለቀ በኋላ ጋሽ ነጋ ያንን ግቢ አልረገጡም። ኩርፊያ እንዳይመስላችሁ። በር ላይ ይቆማሉ፣ ጤና ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። "ግባ እንጂ" ሲሏቸው "ጫማዬ ጭቃ ነው፣ እዚሁ ልቁም" ይላሉ። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅም ጫማቸው ጭቃ ነበር። የዳማው ሰሌዳ በረንዳው ላይ እንደተዘረጋ አቧራ ለበሰ። እትዬ ትሩፋት አልነኩትም፤ ከባላቸው ጋርም የሚነጋገሩት ስለ ወጥና ስለ ዳቦ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ አስረስ ሱቄ መጡ። ክብሪት ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው፣ አልሄዱም።

"ሐሚዳ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ" አሉ።

"ነበርኩ።"

"እንቢ አላልኩም እኮ።"

"አላሉም።"

"አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?"

"እኔ ግቢ የለኝም ጋሼ" አልኳቸው። ከረር አለብኝ። እሳቸውም አልከፋቸውም። ክብሪቱን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ።

"ሲሚንቶ መሞላቱን እያወቅሁ ነው ቃል የገባሁላት" አሉ። "የምትሞት አልመሰለኝም ልበል? መስሎኛል። ግን ያን ቀን ስትስቅ ደስ አለኝና፣ ዝም ብዬ ይከፈታል አልኳት። ከዚያ ኢሉ በር ላይ ቆሞ እኔ የማየው ሳሩን ነው። ሬሳዋ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ እኔ ስለ ብልጭታ አስባለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ይሄ ጸጸት አይለቀኝም፣ ሐሚዳ።"

ውሃ ከፍሪጅ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

መስቀል ሊደርስ ሲል አንድ ጠዋት ከግቢው የድጅኖ ድምፅ ሰማሁ። ሱቄን ገርበብ አድርጌ ገባሁ። ጋሽ አስረስ ሳሩን በቢላዋ እየቆረጡ ይገነጥሉታል፤ እትዬ ትሩፋት ከበስተጀርባ ሆነው ይጠቀልላሉ። ሁለቱም አይነጋገሩም፣ ግን አብረው ነው የሚሠሩት። ከሥሩ ጠጠርና አሸዋ፣ አንድ የሰርዶ ሥር የለም። ቱቦዎቹን ሲያገኙ ሲሚንቶው ውስጣቸው ድንጋይ ሆኗል። በመሮ ሞከሩ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ዙሪያቸውን ቆፍረው ከነሲሚንቶው ነቀሏቸው።

አዲስ ቱቦ አስመጡ። ቆርጦ የሚቀብርላቸው ግን ማን ነው? የሚያውቁት የቧንቧ ሠራተኛ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ እንዴት ብለው ይጠሩታል? በራሳቸው ቀበሩት። እጃቸው ውሃ ቋጠረ። ገሚሱ ዘመመ፣ አንዱ ቱቦማ ከሌሎቹ የሰፋ ነበር። ቁፋሮው መሐል ሄርሜላ ደወለች፤ ጎረቤት ነግሯት ነው መሰለኝ። "አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?" ስትል ከስልኩ ይሰማል። "ጉድጓዶቹን እየከፈትኩ ነው ልጄ" አሉና ዘጉት።

ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው ሱቄ መጡ። "አርባዋ ደርሷል። ድንኳኑ እኛ ግቢ ይሁን ልለው ነው። ብቻዬን ከሄድኩ አፌ አይከፈትም፣ አብረሽኝ ነይ" አሉኝ። ደስ አለኝ። እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ነጋ በክብር ተቀበሉን። ወንበር በነጠላቸው ጠርገው አስቀመጡን። ጋሽ አስረስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ነጋ፣ ለአርባዋ ድንኳኑ እኔ ግቢ ይሁን። ከፍቼዋለሁ፣ ሁሉንም" አሉ።

"ሰምቻለሁ። ድጅኖው እዚህ ድረስ ይሰማል" አሉ ጋሽ ነጋ። "አርባዋን ግን የአቦን አዳራሽ ጠይቄ ፈቅደውልኛል። ድንኳኑም ቢሆን ተቀይሯል አስረስ። ዕድሩ አዲስ ገዝቷል። የብረት እግር አለው፣ ራሱን ችሎ ይቆማል። ጉድጓድም ካስማም አይፈልግም።"

"መቼ?"

"ባለፈው ስብሰባ ተወሰነ። አንተ አልመጣህም።"

እውነት ነው፣ ሰው ፊት መቅረብ አፍረው ቀርተዋል። እኔም እሁድ ሱቅ ስለማልዘጋ ስብሰባ አልሄድም፤ አልሰማሁም።

"ማን ነው ሐሳቡን ያመጣው?" አሉ ጋሽ አስረስ።

"እኔ ነኝ።" ጋሽ ነጋ ይሄን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። "በቂም አይደለም። ነገ ሰው የሚሞትበት ሁሉ በር ላይ ቆሞ የሰው ፊት እንዳያይ ብዬ ነው።"

ጋሽ አስረስ ተነስተው ለመውጣት በሩን አጡት። ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው።

አርባው አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ጋሽ አስረስ ከማንም ቀድመው ሄደው ወንበር ሲደረድሩ፣ ውሃ ሲያድሉ ዋሉ፤ ጋሽ ነጋም ለሰው ሁሉ "ወንድሜ ነው" እያሉ ያስተዋውቋቸው ነበር። ያ ከስድብ ይከብዳል። እኔ ብሆን መሰደቡን እመርጥ ነበር።

ከአርባው በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ለእትዬ ትሩፋት ዱቄት ላደርስ ገብቼ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። ጋሽ ነጋ በሩ ላይ ብቅ አሉ። በብብታቸው የቀለም ቆርቆሮ ክዳኖቹን ይዘዋል።

"አለህ?" አሉ።

ይገባሉ ብዬ ስጠብቅ ቆሙ። ጋሽ አስረስ ከወንበራቸው ተነሱ። ጋሽ ነጋ እየጠበቁ መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው። "አለሁ። ግባ ነጋ፣ ግባ" አሉ ጋሽ አስረስ።

ገቡ። ቁፋሮው ያወጣው አፈር ላይ ተንበረከኩና ክዳኖቹን በየጉድጓዱ ማስቀመጥ ጀመሩ። አንዱን ከድነው በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። "ባዶ ጉድጓድ ክፍቱን አይተውም፣ ሰው እግሩን ይሰብራል" አሉ። ጋሽ አስረስ ከኋላ ከኋላቸው ይከተላሉ፤ የሚያሳዩት ሥራ አልነበረም። የመጨረሻው ክዳን ጉድጓዱ ውስጥ ሰምጦ ገባ።

"ይሄኛው ሰፍቷል። ሌላ እፈልግለታለሁ" አሉ ጋሽ ነጋ።

"ለእሷ ቃል ገብቼላት ነበር፣ ነጋ።"

"አውቃለሁ። ነግራኛለች።" ጋሽ ነጋ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ አፈሩን አራገፉ። "መጨረሻዋ አካባቢ ቤታችን ጠባብ ነው ብዬ ስጨነቅ፣ 'አታስብ፣ አስረስ ይከፍተዋል' ነበር ያለችኝ።" ክዳኖቹን ዙሪያውን አዩአቸው። "ይኸው ከፈትከው። ዘገየህ እንጂ።"

ጋሽ አስረስ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ትሩፋት የዱቄቱን ዕቃ እንደያዙ የቤቱ በር ላይ ቆመው ቀሩ። ጋሽ ነጋ ደህና ዋሉ ብለውን ወጡ።

አሁን ያ ግቢ ግማሹ የፕላስቲክ ሳር፣ ግማሹ አፈር ነው። በዚህ ክረምት ከአፈሩ በኩል ሰርዶ ብቅ ብቅ ብሏል፤ ጋሽ አስረስ ማንም እንዲረግጠው ይፈልጋሉ፣ ነጠላ ጫማዎቹን ከበሩ ሥር አንስተዋል። በሩም ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ ይውላል። አንዳንድ ቀን ጋሽ ነጋ ዳማ ሊጫወቱ ይመጣሉ። የተከፈተው በር ላይ ይቆሙና "አለህ?" ይላሉ። ጋሽ አስረስ ከበረንዳው "አለሁ፣ ግባ" ይላሉ። እስኪባሉ ድረስ ግን አይገቡም።